የጨጓራ ካንሰር እውነት የደጋ በሽታ ነው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ትውልዴ ግን መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ነው። አባቴን አምና በጨጓራ ካንሰር አጣን። አጎቴም ከዓመታት በፊት ‹ጨጓራቸው ተልጦ› ነው የሞቱት። አሁን ደግሞ እኔና ወንድሜ ተመርምረን የጨጓራ ባክቴሪያ አለባችሁ ተባልን። ሰው ሁሉ ‹የደጋ በሽታ ነው፣ ብርዱና አረቄው ነው› ይለናል። ኢንተርኔት ላይ ግን በሽታው የጃፓኖች ነው፣ አፍሪካ ውስጥ ብዙም የለም የሚል አነበብኩ። የቱ ነው እውነቱ? በኛ አካባቢ ይበዛል? እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? እኛስ ምን እናድርግ?»

መልስ፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

መልሴን ከአባትሽ ሳይሆን ከአጎትሽ ልጀምር። «ጨጓራቸው ተልጦ ሞቱ» ነው ያልሽው። እኔ ደብረ ሲና በኩል ነው ያደግኩት። ይህን አባባል በየለቅሶ ቤቱ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። «ሆዳቸውን አሟቸው»፣ «እህል አልወርድ ብሏቸው»፣ «ከስተው ከስተው»። ከነዚያ ሰዎች ስንቱ ቁስለት፣ ስንቱ ካንሰር፣ ስንቱ የጉበት በሽታ እንደነበረበት የሚናገር ወረቀት የለም። ጨጓራቸው በካሜራ፣ ማለትም በኤንዶስኮፒ፣ አልታየም። ናሙና አልተወሰደላቸውም። አጎትሽም በየትኛውም የካንሰር ቁጥር ውስጥ የሉም። ስለ በሽታው ስርጭት የሚነገረውን ስትሰሚ እሳቸውን አስቢያቸው።

ካንሰር የሚቆጠረው በምዝገባ ነው። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እንዲህ ያለ ምዝገባ የሚያሰላው የከተማውን ነዋሪ ነው። ከመንዝ ሄዶ አዲስ አበባ ታክሞ የተመለሰ ሰው የአዲስ አበባ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ ነዋሪነቱ ሌላ ቦታ ነውና። ስለ መላ አገሪቱ የሚወጣው አሃዝ ደግሞ ከጥቂት ቦታ ምዝገባ ተነስቶ የተገመተ ነው። ግምት ይጠቅማል። ግን በዓለም ካርታ ላይ ኢትዮጵያ በስስ ቀለም ተቀብታ ስታዪ ቀለሙ ሁሉ ጤና አይምሰልሽ። ከፊሉ ጤና ነው። ከፊሉ አጎትሽ ናቸው።

ወደ ካርታው ልግባ። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ወደ 969 ሺህ ሰው አዲስ የጨጓራ ካንሰር ተገኝቶበታል። 660 ሺህ ያህል ሰው ሞቶበታል። በአዲስ ታማሚም በሞትም ከካንሰሮች ሁሉ አምስተኛ ነው። በጣም የሚበዛው ምሥራቅ እስያ ነው፤ ሞንጎሊያ፣ ጃፓን፣ ኮሪያ፣ ቻይና። ምሥራቅ አውሮፓም ከፍ ይላል። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስን ተራሮች ተከትለው ያሉት አገሮችም እንዲሁ። በዓለም ደረጃ ሲታይ ወንዶች ከሴቶች እጥፍ ገደማ ይያዛሉ። ሰሜን አሜሪካ፣ ሰሜን አውሮፓና አብዛኛው አፍሪካ ዝቅተኛ ተብለው ነው የሚመደቡት። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ያነበብሽው ከሜዳ የተነሳ ወሬ አይደለም።

ግን አንድ ነገር አልገጥም ይላል። የዚህ ካንሰር ዋናው መነሻ አንቺም ወንድምሽም አለባችሁ የተባላችሁት ባክቴሪያ ነው፤ ኤች ፓይሎሪ። ባክቴሪያውን እ.ኤ.አ. በ1982 ከሰው ጨጓራ ለይተው ያሳደጉት ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ናቸው። በጊዜው «ጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ ባክቴሪያ አያኖርም» እየተባለ ሰው አላመናቸውም ነበር። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣና ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት አገኙ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ደግሞ በ1994 ባክቴሪያውን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች አንደኛ ምድብ ውስጥ አስገባው። እንግዲህ ይህ ባክቴሪያ አፍሪካ ውስጥ ሞልቷል። እኛም አገር ከሁለት ሰው አንዱ ገደማ አለበት። ባክቴሪያው እንዲህ ከበዛ ካንሰሩ ለምን አልበዛም? ይህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1992 «የአፍሪካ እንቆቅልሽ» የሚል ስም ወጥቶለት እስከ ዛሬ ያከራክራል።

የእኔ አቋም ይህ ነው። እንቆቅልሹ ከፊሉ እውነት ነው፤ ከፊሉ የካሜራ እጥረት ነው። ባክቴሪያው በልጅነት ገብቶ ጨጓራን ለአሥርት ዓመታት ያቆጣል። ቁጣው ቀስ በቀስ የጨጓራን ሽፋን ያሳሳዋል። ከዚያ ሽፋኑ የአንጀት ሽፋን መምሰል ይጀምራል። ከዚያ ሴሎቹ መልካቸውን ይለውጣሉ። ካንሰሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ይህ ሁሉ እስኪሆን 30 ወይም 40 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990 ኢትዮጵያ ውስጥ አማካይ ዕድሜ ከ50 በታች ነበር። ብዙ ሰው ካንሰሩ ሳይደርስበት በሌላ በሽታ ይሞት ነበር። ዛሬ አማካይ ዕድሜ ከ65 አልፏል። በሽታው የሚደርስበት ሰው ገና አሁን እየተበራከተ ነው።

አሁን ወደ ደጋው ነገር። ጎረቤቶችሽ የሚሉት ከንቱ አይደለም። ግን ምክንያቱን ስተውታል።

ኮሎምቢያ ውስጥ ናሪኞ የሚባል ክፍለ ግዛት አለ። ቱኬሬስ የምትባለው ከተማ አንዲስ ላይ፣ ከባሕር ጠለል 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቱማኮ ደግሞ ፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ያለች ቆላ ናት። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት ድረስ ያለውን ያህል ነው። በሁለቱም ቦታ ከ10 ሰው 9ኙ ባክቴሪያው አለበት። የጨጓራ ካንሰሩ ግን ተራራው ላይ 25 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ሀያ አምስት! ባክቴሪያው አንድ፣ አገሩ አንድ፣ ውጤቱ የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ።

ይህ የአንዲስ ብቻ አይደለም። ወደኛ ጠጋ ብለሽ ብታዪ፣ በምዕራብ ኬንያ ደጋ ቦሜት አካባቢ፣ በኪሊማንጃሮ ዙሪያ፣ በሩዋንዳና በብሩንዲ ኮረብታዎች ሐኪሞች የጨጓራ ካንሰርን አዘውትረው ያያሉ። ዝቅተኛ በሚባለው አፍሪካ ውስጥ ደጋ ደጋውን የተከተለ ከፍ ያለ ነጥብ አለ ማለት ነው። አሁን ሰሜን ሸዋን አስቢ። መንዝ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ፣ ጣርማ በር እንደገና ከ3,000 በላይ። ከጣርማ በር ቁልቁለቱን ወርደሽ ደብረ ሲናን አልፈሽ ሸዋ ሮቢት ስትደርሺ 1,300 ሜትር ገደማ ነሽ። ይህ ሁሉ በመኪና ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። እኔ በበኩሌ ይህንን ቁልቁለት ባለፍኩ ቁጥር ቱኬሬስና ቱማኮ ትዝ ይሉኛል።

ታዲያ ከፍታው ራሱ ነው ገዳዩ? አይደለም። ኮሎምቢያ ላይ የተሠራው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳየው ነገር አለ። የባህር ዳሩ ሰው በአብዛኛው የዘር ግንዱ ከአፍሪካ ነው፤ የተሸከመውም ባክቴሪያ ከአፍሪካ አብሮት የመጣ ነው። ሰውና ባክቴሪያ ለብዙ ሺህ ዓመት አብረው ኖረው ተለማምደዋል። ተራራው ላይ ያለው ሰው ግን የጥንቱ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ዘር ነው፤ ባክቴሪያው ደግሞ ከባሕር ማዶ ከመጡ ሰዎች የተላለፈ ነው። ሰውና ባክቴሪያ አልተዋወቁም። ጉዳቱ እዚያ ላይ ይከፋል። በዚያ ላይ በቆላው የሆድ ትላትል ብዙ ስለሆነ የልጆቹን የሰውነት መከላከያ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዞረዋል፤ የጨጓራው ቁጣም ይለዝባል። ምግቡም ይለያያል። ከፍታ የእነዚህ ሁሉ ምልክት ነው እንጂ በሽታው አይደለም።

ከደጋነት ጋር የሚሄድ ሌላም ነገር አለ፤ ይህን እኔም አንቺም በዓይናችን ያየነው ነው። ብርዱ ጨጓራ አያልጥም። ብርዱ ግን ቤተሰቡን ሁሉ አንድ መደብ ላይ፣ አንድ ባና ስር ያስተኛል። በሩም መስኮቱም ይዘጋል። ውሃው ከሩቅ ነው የሚቀዳው፤ ስለዚህ ይቆጠባል፣ እጅም በትንሹ ይታጠባል። ኤች ፓይሎሪ የሚተላለፈው እንዲህ ነው፤ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከትውከት፣ ካልተጠበቀ ውሃ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅና ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ከ10 ዓመት ዕድሜ በፊት። አንቺና ወንድምሽ ሁለታችሁም የተገኘባችሁ አያስገርምም። አንድ ቤት ነው ያደጋችሁት።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆኑት ወደ ሃዋይ የተሰደዱ ጃፓኖች ናቸው። ራሳቸው ስደተኞቹ የጨጓራ ካንሰራቸው ከፍ እንዳለ ቆየ። እዚያ ተወልደው ያደጉ ልጆቻቸው ላይ ግን በግልጽ ቀነሰ። ዘራቸው አልተለወጠም። የተለወጠው ልጅነታቸው ነው።

አረቄውስ? አረቄ ከዚህ ጉዳይ ነጻ ነው አልልሽም። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ላይ የጨጓራ ካንሰር ከፍ ይላል። ሲጋራም ከፍ ያደርገዋል። በጨው ተነክሮ የቆየ ምግብም እንዲሁ፤ የጃፓንና የኮሪያ ጣጣ አንዱ ይህ ነው። እኛ ጋ ቋንጣ የዓመት በዓል ነገር እንጂ የየቀን ምግብ አይደለም። በርበሬ ያቃጥልሽ ይሆናል፤ እኔ ግን ጣቴን እሱ ላይ አልቀስርም። ይልቅ የሚያሳስበኝ ደጋችን ላይ ፍራፍሬና አትክልት የሚበላው ጥቂት መሆኑ ነው። ገብስ፣ ባቄላና ሽሮ መልካም ናቸው፤ ጎመኑ ግን ቢጨመር፣ ከሸዋ ሮቢት የሚመጣው ሽንኩርትም ቢበዛ እወዳለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ባክቴሪያው ነው። ከጨጓራ መግቢያ በታች ያለው ካንሰር ወደ ዘጠና በመቶው ከሱ ጋር የተያያዘ ነው።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው የጨጓራን ካንሰር ከጉሮሮ ካንሰር፣ ማለትም ከምግብ መውረጃ ቱቦው ጋር ይቀላቅላል። አርሲና ባሌ ላይ የሚበዛው እሱ ነው። መንስኤውም መንገዱም ሌላ ነው። «አርሲ ላይ የበዛው ካንሰር እኛም ጋ ገባ» ቢሉሽ አትቀበይ።

«እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ?» ላልሽው፣ ሁለቱም ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ወንድ የሚገድለው ካንሰር የጨጓራ ካንሰር ነበር። ዛሬ እዚያ ከዋናዎቹ ተራ ወጥቷል። ማንም ዘመቻ አልከፈተበትም። ፍሪጅ ገባ፣ በጨው ማቆየት ቀረ፣ ውሃው ተጣራ፣ ቤቱ ሰፋ፤ ባክቴሪያው ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳሳ። በብዙ አገር መጠኑ ላለፉት አሥርት ዓመታት እየወረደ ነው። የታማሚው ቁጥር ግን ሕዝብ ስለበዛና ዕድሜ ስለረዘመ እንደዚያ አልወረደም። በአንዳንድ አገር ደግሞ ከ50 ዓመት በታች ያሉ ሰዎች ላይ መጨመር ጀምሯል፤ ይህ ሐኪሞችን እያስጨነቀ ያለ ነገር ነው።

የኛ ጉዳይ ለብቻው ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች ከ2008 እስከ 2017 የተወለዱ ልጆችን ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚጠብቃቸውን አስልተው ነበር። አሁን ባለው አያያዝ ከቀጠለ ከ15 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት የጨጓራ ካንሰር ይይዛቸዋል። ከአራቱ ሦስቱ ገደማ በዚሁ ባክቴሪያ ምክንያት ነው። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ደግሞ ሸክሙ ከ2022ቱ ግምት ቢያንስ ስድስት እጥፍ ሊሆን ይችላል ብለዋል። ይህ ስሌት ውስጥ ያሉት ልጆች ዛሬ መሐል ሜዳ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ናቸው።

አሁን ስለ እናንተ። በመጀመሪያ አትደንግጪ። ባክቴሪያው ካለበት 100 ሰው መካከል ካንሰር የሚይዘው ከ1 እስከ 3 ነው። የአባትሽ ታሪክ ግን የእናንተን ከሌላው ሰው ሁለት ሦስት እጥፍ ያደርገዋል። ስለዚህ «ግማሹ ሕዝብ አለበት፣ ተዪው» የሚልሽን ሰው አትስሚ። ኮሪያ ውስጥ ልክ እንደናንተ ወላጅ ወይም ወንድም እህት በጨጓራ ካንሰር የታመመባቸው፣ ባክቴሪያውም ያለባቸው 1,676 ሰዎች ለዘጠኝ ዓመት ያህል ተከታትለው ነበር። ባክቴሪያውን የሚያጠፋውን መድኃኒት ከወሰዱት 1.2 በመቶው ካንሰር ያዘው። ካልወሰዱት 2.7 በመቶው። ባክቴሪያው ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ የተረጋገጠላቸው ላይ ወደ 0.8 በመቶ ወረደ። በሕክምና እንዲህ ያለ ቀጥተኛ መልስ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ስለዚህ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ምርመራው በደም ነው ወይስ በሰገራ? የደሙ ምርመራ ድሮ የነበረንና አሁን ያለን አይለይም። ከጠፋ በኋላም «አለብሽ» ሊል ይችላል። በደም ከሆነ በሰገራ ድገሙት። ከዚያ በፊት የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል የምትወስዱ ከሆነ ለሁለት ሳምንት አቁሙ። አንቲባዮቲክ ወስዳችሁ ከሆነም አራት ሳምንት ይለፈው። አለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ይላችኋል።

መድኃኒቱ ሦስት ወይም አራት ዓይነት ነው፤ የሚወሰደው 14 ቀን ነው። እኔ ጋ የሚመጡ ሰዎች ላይ ደጋግሜ የማየው ስህተት አለ። አምስተኛው ቀን ላይ ቃሩ ሲተው መድኃኒቱንም ይተዉታል። የተረፈውን ለወንድም ወይም ለጎረቤት ይሰጣሉ። በዚህ መንገድ ሁለት ሰው ውስጥ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ይፈጠራል። አንቺም ወንድምሽም የየራሳችሁን ሙሉ 14 ቀን ውሰዱ። ከጨረሳችሁ ከወር በኋላ የሰገራ ምርመራውን ድገሙና መጥፋቱን አረጋግጡ። ይህቺን የመጨረሻዋን ምርመራ ማንም አያደርጋትም፤ እናንተ አድርጉ።

እናትሽና ሌሎች ወንድም እህቶች ካሉም ይመርመሩ።

ኤንዶስኮፒን በተመለከተ፣ ወላጅ ወይም ወንድም እህት የታመመበት ሰው ከ40 እስከ 45 ዓመት ሲሆነው፣ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ ቢታይ ጥሩ ነው። ይህ ምንም ለማያመው ሰው ነው። ሳትፈልጉ ከከሳችሁ፣ በትንሽ ጉርሻ የምትጠግቡ ከሆነ፣ ማስመለስ ከደጋገማችሁ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ የደም ማነስ ከተገኘባችሁ ወይም መዋጥ ካቃታችሁ ግን ዕድሜ አይጠበቅም። ደብረ ብርሃን ላይ ተራው ከራቀባችሁ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሂዱ። እነዚህ ምልክቶች እያሉ ተልባና ኦሜፕራዞል ለወራት ይዞ መቀመጥ ስንት ሰው አሳጥቶኛል። ኦሜፕራዞል የካንሰርንም ሕመም ያስታግሳል፤ ካንሰሩን ግን አያቆመውም። ኮሪያ ላይ በሽታው ከተገኘባቸው 10 ሰዎች ከ7 በላይ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚኖሩት ልዩ መድኃኒት ስላላቸው አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ 40 ዓመት የሞላው ሰው በየሁለት ዓመቱ ስለሚታይ ነው። ቀድመው ያገኙታል፣ ቆርጠው ያወጡታል።

አንድ የመጨረሻ ሥራ ልስጥሽ። የአባትሽ ናሙና ውጤት የተጻፈበት ወረቀት ቤት ውስጥ ካለ ፈልጊው። ይህ ካንሰር ሁለት ዋና ዋና ዓይነት አለው። አንዱ ቅድም የነገርኩሽን ረጅም መንገድ ተከትሎ የሚመጣ፣ የአንጀት ሽፋን የሚመስል ነው። ሌላው ሴሎቹ ተበትነው የጨጓራውን ግድግዳ የሚያደድሩበት ነው። ሁለተኛው ሆኖ በወጣትነት የመጣ ከሆነ በዘር የሚወረስ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያስወርሰው ሲዲኤች1 በሚባለው ዘረመል ላይ ያለ ጉድለት እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1998 የታወቀው በኒው ዚላንድ ነባር ሕዝብ፣ በማኦሪ ቤተሰቦች ላይ ነው። በዘር የሚወረሰው ከጠቅላላው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ ግን መታወቅ አለበት።

አጎትሽ የአባትሽ ወንድም ናቸው ወይስ የእናትሽ? በምን ዕድሜ ሞቱ? ደም አስመልሰው ነበር? መብላት ካቃታቸው ስንት ወር ቆዩ? ዘመድ አዝማዱን፣ በተለይ ያስታመማቸውን ሰው ጠይቂ። በወረቀት ጻፊውና ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ይዘሽው ሂጂ። «በቤተሰብ ስንት ሰው ታሟል?» ሲልሽ አንድ አትበዪው። አጎትሽንም ቁጠሪያቸው።